ላጲስ ያልነካው ስሕተት

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ ከቢቸናም ከሞጣም መጥታችሁ እኔን ለመሸኘት ስለተሰበሰባችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ከስጦታዎቹ መካከል አንድ ላጲስ አግኝቻለሁ። መምህር ውበቴ፣ አትሳቅ፤ ከማን እንደሆነ አውቄዋለሁ።

ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር በክፍሌ ላጲስ አልፈቀድሁም። የተሳሳተ በአንድ መስመር ይሰርዛል፤ ከሥሩ ያርማል፤ ያረመው ሌላ ሰው ከሆነ ስሙን ይጽፋል። ስሕተቱ ካልታየ እርማቱ ምን ያስተምራል?

ለተማሪዎች ጥያቄ በኢንተርኔት መድረክ ላይ መልስ መጻፍ ስንጀምርም ደንባችን ይኸው ነበር። አንድ ቀን የቢቸናን የውኃ ታንከር ይዘት ሳሰላ፣ የዲያሜትሩን ግማሽ መውሰድ ሲገባኝ ሙሉውን ወሰድሁ። መልሱ አራት እጥፍ ሆነ። መምህርት ጥሩአየሁ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ከሥሩ አርማ ስሟን ጻፈች። በማግሥቱ፣ «ጋሼ፣ በዚህ ታንከር እኮ ሞጣንም ያጠጣሉ!» አለችኝ።

ዘንድሮ ውበቴ ስልኩን ይዞ መጣ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን የታንከር ሒሳብ ጠይቆት ኖሯል፤ መልሱን አሳየኝ። ያው ታንከር፣ ያው «ቀስ ብለን እናስላ» የምትለው አነጋገሬ፣ ያው ስሕተት። የጥሩአየሁ እርማት ግን የለም።

ከዚያ የመድረኩ ጠበቃ ደወለች። የመድረኩ ባለቤቶች፣ ጽሑፎቻችንን ያለ ፈቃድ ወስዶ ማሽኑን አስተምሮበታል ያሉትን ኩባንያ ከስሰዋል። ኩባንያው «ለሁሉም ክፍት ነበር» ይላል። ባለቤቶቹ «የእኛ ነው» ይላሉ። የጻፍነውን እኛን ማን ጠየቀን?

ጠበቃዋ፣ «ትክክለኛው መልስ ላይ ማንም ሊደርስ ይችላል፤ ይህ ስሕተት ግን የእርስዎ ነው፤ ማሽኑ ከእርስዎ መቅዳቱን ያሳያል። ይመስክሩ» አለችኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አፈርሁ። ጡረታ ልወጣ ስል ስሕተቴ ፍርድ ቤት ይቁም? ጽሑፉን ላጠፋው ስልኬን አነሣሁ። ውበቴ አየኝና፣ «ጋሼ፣ ላጲስ ላውስዎት?» አለኝ።

ተውሁት። የእኔን ባጠፋ የጥሩአየሁም መስመር አብሮ ሊጠፋ ነው።

ትናንት የምስክርነት ቃሌን ፈርሜ ልኬያለሁ። «ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ያረመችው ጥሩአየሁ ናት» ብያለሁ። ፍርዱ ለማን እንደሚሆን አላውቅም። ስሟ ግን መዝገብ ገብቷል።

ያስቀየምኋችሁ ካላችሁ ይቅር በሉኝ። ውበቴ፣ ላጲስህን ከነማሸጊያው ተረከበኝ።

ተማሪዎቻችሁ ይብለጧችሁ። የደከማችሁበት ጽሑፍ ስማችሁን ይዞ ይኑር። ስትሳሳቱም፣ ከሥሩ ስሙን ጽፎ የሚያርማችሁ ባልደረባ አያሳጣችሁ።