የየኔታ ገብረ ማርያም ጆሮ

ከብቸና ወደ ሞጣ በሚሄደው ሚኒባስ ስሳፈር ሐሳቤ ዝም ብዬ መሄድ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ክፍል ውስጥ ስለፈልፍ የኖርኩ ጡረተኛ አስተማሪ ነኝና ወሬ ሰልችቶኛል። ግን ማን ያስችለኝ! በአንድ ጎኔ የቅኔ መምህሩ የኔታ ገብረ ማርያም ጓዛቸውን ይዘው ተቀመጡ፤ በሌላው ጎኔ ሰገነት የምትባል፣ ሞጣ የምትሠራ ነርስ ልጇን ታቅፋ ተቀመጠች። ሕፃኑ እዮብ ጆሮውን እየጎተተ ያለቅሳል።

«ጆሮውን ነው» አሉ የኔታ። «ለጋ ቅቤ ለብ አድርጊና ጠብ አድርጊበት፤ ወዲያው ፀጥ ይላል።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ የኔታ፣ ቅቤስ አላደርግበትም» አለች ሰገነት በትሕትና። «ሰሞኑን ጉንፋን ይዞት ነበር። ከአፍንጫ ወደ ጆሮ የሚሄደው ቀጭን ቱቦ በሕፃን ላይ አጭር ስለሆነ ጉንፋኑ ቶሎ ይሻገራል። ከዚያ ውስጡ ፈሳሽ ይቋጥርና ይወጥረዋል። ማተኮሱ፣ ጡት እምቢ ማለቱ፣ ጆሮውን መጎተቱ ሁሉ ምልክቱ ነው። ሞጣ እንደደረስን ሐኪም ያየዋል።»

«ምን አልሽ?»

ጮክ ብላ ደገመችላቸው። የኔታ ሳቁ።

«አዬ ልጄ! እኔ ስንቴ ታምሜ ቅቤውንም የነጭ ሽንኩርቱን ጭማቂም አድርጌ ድኛለሁ። መግሉ ሲፈስ ሕመሙ ወዲያው ይለቀኛል። በሽታው ወጣ ማለት እኮ ነው!»

«የኔታ፣ ሕመሙ የለቀቀዎት የጆሮዎ ታምቡር ተቀዶ ውጥረቱ ስለረገበ ነው። በዚያ ቀዳዳ ያፈሰሱት ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። አሁንስ ይፈስዎታል?» አለች ድምፅዋን ሳትቀንስ።

«አልፎ አልፎ። በላባ እጠርገዋለሁ።»

«ላባም ሆነ የክብሪት እንጨት ኩኩን ወደ ውስጥ ገፍቶ ይጠቀጥቀዋል እንጂ አያጠራውም። አዋቂን ጆሮ የሚያመው በብዙ ምክንያት ነው፤ ኩክ ሲደርቅበት፣ ውሃ ገብቶ ሲቀር፣ ጥርስና ጉሮሮ ሲታመምም ወደ ጆሮ ይዘልቃል። ከጆሮው ጀርባ ካበጠ፣ ካዞረው ወይም ፊቱ ከተጣመመ ደግሞ አንድ ቀንም ማደር የለበትም።»

እውነቱን ለመናገር ልጅቷን ወደድኳት፤ ሳትቆጣ ማስረዳት እኔ እንኳ ያልቻልኩት ሙያ ነው። የኔታ ግን ፊታቸውን አዙረው ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ያንሾካሾኩ መስሏቸዋል፤ መኪናው ሙሉ ሰማ።

«ላንተ ብቻ ልንገርህ፤ እኔ አገር ለቅቄ መሄዴ ነው፣ ገዳም ልገባ። ተማሪዎቼ ናቁኝ። ቅኔ ሲቀኙልኝ ድምፃቸውን ይውጡብኛል፤ ሳርማቸው ይሣሣቃሉ። ጎረቤቱም ደጄን ሲያልፍ እንደምን አደሩ ማለት ትቷል። ሰው መሃል ተቀምጦ ብቻ ከመሆን ገዳም አይሻልም?»

ተሳፋሪው ሁሉ አቀረቀረ። እኔም ቤቴ ስገባ የሚጠብቀኝ ሬዲዮ ብቻ ነውና ብቸኝነትን አውቃታለሁ።

«የኔታ!» አለች ሰገነት ከወዲያ ሆና። መንገዱን ያያሉ። «የኔታ ገብረ ማርያም!» አሁንም መንገዱን ያያሉ። ክንዳቸውን ነካ አድርጌ፣ «እየጠራችዎት እኮ ነው» አልኳቸው።

«መቼ?» ደነገጡ።

«ሁለት ጊዜ ጠራሁዎት» አለች ጮክ ብላ። «አሁን እርስዎ እኔን ናቁኝ ልበል?»

የኔታ ቀኝ ጆሯቸውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «እሺ፣ እኔም ሐኪሙ ዘንድ ልታይ» አሉ። «ካልሆነ ከዚያው ወደ ገዳሜ አልፋለሁ።»

ሞጣ ደርሰን እዮብ ታይቶ መድኃኒት ተሰጠው። ሐኪሙ የየኔታን ጆሮ ሲያይ የግራው ታምቡር ድሮ ተቀዶ ዛሬም መግል ይዟል፤ መድኃኒት ሰጣቸውና ውሃ እንዳያስነኩት አዘዛቸው። ቀኙን ግን የጠጠረ ኩክ ደፍኖታል። በመሣሪያ ጎትቶ አወጣው።

«አመመዎት የኔታ?» አለች ሰገነት።

«ምን ያስጮኽሻል?» አሏት።

ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ ቁጥሩን ከእሳቸው ተቀብዬ ታዘበው ለሚባለው የበላይ ተማሪያቸው ደውዬ ስልኩን በቀኝ ጆሯቸው አስያዝኳቸው። የታዘበው ለቅሶ ከስልኩ ለእኔም ይሰማል።

«የኔታ፣ ምን አጠፋን? ጠዋት እስከ መናኸሪያ ድረስ ከኋላዎ እየሮጥኩ ስጣራ ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም። ረግመውን የሄዱ መስሎን ሁላችንም ደጅዎ ላይ ተቀምጠናል።»

የኔታ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት። «አልሰማሁህም ልጄ» አሉ እንባቸው እየወረደ። «አልሰማሁህም እኮ ነው። እመጣለሁ፣ ቤቱን ክፈቱት።»

ገዳሙ ቀረ። የግራው ጆሮ እንደ ድሮው ባይመለስም መግሉ ደርቋል፤ በቀኙ ቅኔ ይሰማሉ፣ ያርማሉ፣ ጎረቤታቸውንም እንደምን አደራችሁ ይላሉ። ልጁ ጆሮውን የሚጎትት እናት ሲያዩ ቅቤሽን ለወጥሽ አድርጊው ብለው ወደ ጤና ጣቢያ ይሰዷታል። በቀደም ልጠይቃቸው ሄጄ ይህን ታሪክ ልጻፈው ብላቸው ፈቀዱልኝ።

«ግን አንድ ነገር ጨምርበት» አሉኝ። «ሰው ናቀኝ ብሎ አገር ከመልቀቁ በፊት ጆሮውን ይታይ በል።»