ያልተቀደዱ መጻሕፍት

መምህሯ አጎቷን ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ አገኛለሁ ብላ አላሰበችም። ብታስብ ኖሮ ዞራ በሌላ መንገድ ትሄድ ነበር። እሳቸው ግን ከማሽኑ አጠገብ ባለችው ብቸኛ ወንበር ላይ ተመቻችተው፣ ለሰፈሩ ትምህርት ቤት የታሰበ የአንድ ትልቅ አዳራሽ ፕላን እያስባዙ ነበር።

አጎቷ በጉብዝናቸው ወራት ግንበኛ፣ ኋላም ሥራ ተቋራጭ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ እሷ የምታስተምርበት የዚሁ ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ማህተሙ ከኮታቸው ኪስ፣ የቢሮው ቁልፍ ከቀበቷቸው አይለይም። እሳቸው ካልፈቀዱ ከዚያ ግቢ አንዲት ወረቀት አትወጣም።

«እንዴት ዋሉ ጋሼ?»

«ደህና ዋልሽ ልጄ። ምንድን ነው የያዝሽው? እስቲ አምጪው።»

የያዘችው ማመልከቻ ነበር። ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የንባብ ሥራ አነስተኛ ድጋፍ የሚሰጥ አንድ ማኅበር አለ፤ ለእሱ የተጻፈ ነው። የመጨረሻው ቀን ደርሷል። ማህተም ለመለመን ወደ ቤታቸው ልትሄድ አስባ ነበር፤ የፈራችው ፀብ ግን ፎቶ ኮፒ ቤት ድረስ መጥቶ ጠበቃት። አጎትየው መነጽራቸውን አጠለቁና ማንበብ ጀመሩ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ጠቆረ።

«‹ሦስተኛ ክፍል ከደረሱት ልጆቻችን አብዛኞቹ አንድ አጭር ታሪክ አንብበው መረዳት አይችሉም።› ይኼን ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«አጥፊው!»

«እውነት እኮ ነው ጋሼ።»

«እውነት ሁሉ አደባባይ ይወጣል? ያሳደገሽን ሰፈር ገመና ለማታውቂው ሰው ትዘረግፊያለሽ? ደግሞስ ይቺ ገንዘብ ምን ታደርጋለች? መለመን ካልቀረ ደህና ነገር ነው የሚለመን። አዳራሽ ለምኚ! ሲቆም ሰው የሚያየው ነገር!»

«የአዳራሹ ማመልከቻ ከተላከ ስንት ዓመት ሆነው?»

«መልስ እየጠበቅን ነው።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነዋ!»

አምልጧት ነው። ፎቶ ኮፒ አንሺው ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ ማሽኑ አዞረ። መምህሯ ፊቷ ቀላ፤ አልተጸጸተችም ግን። የተናደደችው ዛሬ አይደለም። ንዴቱ ከርሟል።

ገመናን መሸፈን የጨዋ ሰው ወግ ነው፤ ማንም አይክድም። የጎረቤትን ጠብ፣ የዘመድን ችግር የሚሸፍን ሰው ይመረቅ። የልጅን አለማወቅ የሚሸፍን ሰው ግን ልጁን ነው የሚቀብረው። ይህን መለየት ያቃተው ትልቅ ሰው በየሰፈሩ ሞልቷል፤ በየስብሰባውም መጀመሪያ የሚናገረው እሱ ነው።

«ጋሼ፣ ይስሙኝ» አለች ድምጿን ገትታ። «እነዚህ ሰዎች ሕንፃ አይሰጡም። የሚሰጡት ትንሽ ነው፤ ትንሽ ስለሆነም አጥብቀው ይጠይቃሉ። የትኞቹ ልጆች ናቸው? ዛሬ ምን ያህል ያነባሉ? ዓመት ሲሞላ ምን ማንበብ ይችላሉ? መቻላቸውንስ በምን ታረጋግጣላችሁ? ‹ትምህርት የዕድገት መሠረት ነው› ብለን ብንሰብክ አንብበው ሳይጨርሱ ነው የሚጥሉት። ችግሩን በልኩ የተናገረ ነው የሚያሸንፈው። ሐኪም ዘንድ ሄደው ‹ምንም አላመመኝም፣ መድኃኒት ግን ይታዘዝልኝ› ይላሉ?»

«አምና የመጻሕፍት ድጋፍ አሸንፈን የለም እንዴ? መጻሕፍቱ መጥተው የለም? በያ እሱን ጻፊላቸው! ‹ንብረት ጠባቂዎች ነን፣ አንድም መጽሐፍ አልተቀደደም› በያቸው!»

እዚህ ላይ የመምህሯ ትዕግሥት አለቀ።

«ያልተቀደዱት እኮ ስላልተነኩ ነው! ቢሮ ውስጥ ቆልፈውባቸው! እንግዳ ሲመጣ በመስተዋት እያሳዩ!»

«የልጅ እጅ አታውቂም? በሳምንቱ ነው ድራሻቸውን የሚያጠፉት!»

«ያጥፏቸዋ! እርስዎ ግንበኛ ነዎት። ሲሚንቶ ገዝቶ መጋዘን ከቆለፈ በኋላ ‹አንድም ከረጢት አልተቀደደም› ብሎ የሚኮራ ግንበኛ ያውቃሉ? ሲሚንቶው ምን ይሆናል?»

 የተቆለፈበት ሲሚንቶ ድንጋይ እንደሚሆን ከአጎትየው በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

«ሙያዬን አትንኪ!» አሉና ብድግ አሉ። «ስሚ! ሚጣ የልጄ ልጅ አይደለችም? ሦስተኛ ክፍል ናት። ከራት በፊት መጽሐፏን ይዛ ፊቴ ቆማ ጥርት አድርጋ ታነብልኛለች። አሁኑኑ እንሂድ! ታንብብና ይቺን መስመር በገዛ እጅሽ ትሰርዣለሽ!»

«ካላነበበችስ?»

«ካላነበበች ማህተሙን እኔው እመታዋለሁ!»

ተያይዘው ሄዱ። 

የትምህርት ቤቱ ቢሮ ጠባብ ነው፤ ግማሹን የያዘው የመስተዋት ቁም ሣጥን ነው። አጎትየው ሲከፍቱት የአዲስ ወረቀት ሽታ ወጣ። ዓመት ሙሉ ልጅ ያልደረሰበት መጽሐፍ እንዲህ ነው የሚሸተው፤ መምህሯን ሽታው ራሱ አናደዳት። ሚጣ ከሜዳ ተጠርታ መጣች፤ ላብ አጥምቋታል፤ የአንድ እግሯ ጫማ ማሰሪያ ተፈቶ ይጎተታል። አያቷ ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረ ዝሆን ያለበትን መጽሐፍ መርጠው ሰጧት።

«በይ የኔ ሎጋ፣ አንብቢላት!»

ሚጣ ሥዕሉን አየች። ተስተካክላ ቆመች፤ ደረቷን ነፋች፤ መጽሐፉን ከፊቷ ከፍ አደረገችና ጮክ ብላ ጀመረች።

«ይህ ቤት ነው። ቤቱ ትልቅ ነው። አባት ከሥራ መጣ። እናት በሩን ከፈተች።»

ዝሆኑ ግን ቤት የለውም፤ ጭቃው ውስጥ ነው ያለው። አጎትየው ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ። ቃላቱን ያውቋቸዋል። በየምሽቱ የሚሰሟቸው፣ የክፍሏ መማሪያ መጽሐፍ የመጀመሪያ ትምህርት ናቸው። ገጹን ገለጡላት። እሷም ሳትደናቀፍ ወደ ሁለተኛው ትምህርት አለፈች።

«ሚጣዬ» አሉ፤ ድምፃቸው ወርዷል። አውራ ጣታቸውን ከአንዲት ቃል ሥር አኖሩ። «እዚህ ጋ ምን ይላል?»

ልጅቷ ጣቱን አየች፣ አያቷን አየች፣ በሩን አየች። አላፈረችም፤ ግራ ነው የገባት።

«አባባ፣ ይኼንን እኮ ገና አላስጠኑንም።»

ወደ ሜዳ እንድትመለስ አደረጓት። ከዚያ በኋላ የወጣው ቁጣ ቢሮውን ሞላው። አጎትየው ጠረጴዛውን በጡጫ መቱ።

«ማነው ሦስተኛ ክፍል ያሳለፋት? ማነው ይኼን የሠራው?»

«ሁላችንም ነን ጋሼ። ክፍሉ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፤ መምህሩ ያስጮሃቸዋል፣ ይጮሃሉ። የጮኸ አለፈ። አንደኛ ክፍል ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ እኔም አሳልፌያታለሁ። እርስዎ ደግሞ ቆልፈዋል። ይቆጡ፤ እኔም ተቆጥቼ ነው የጻፍኩት።»

 ሽማግሌ ሰው የተሳሳተበትን ነገር መዋጥ ይከብደዋል፤ አጎትየው ግን ማህተሙን ከኪሳቸው አወጡና ማመልከቻው ላይ መቱት።

በሳምንቱ መጨረሻ የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። ሁሉም ስለ አዳራሹ ሊሰማ ነበር የመጣው። አጎትየው ተነሡ።

«የልጄ ልጅ ማንበብ አትችልም» አሉ። «ሦስተኛ ክፍል ናት። ዓመት ሙሉ ስታታልለኝ ነበር ልል አስቤ ነበር። ውሸት ነው፤ እኔ ነኝ ራሴን ሳታልል የኖርኩት። እናንተስ? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይበቃናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

 አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሌላው «ውርደት ነው ይኼ!» ብሎ ለመውጣት ተነሣ። ያን ጊዜ ዳቦ የምትሸጠው ሴትዮ ከኋላ ሆና፣ «የእኔም ልጅ አይችልም» አለች። ቀጥሎ ሹፌሩ ተናገረ። ሊወጣ የተነሣውም ሰውዬ እበሩ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ኋላም ተመልሶ ተቀመጠ።

ድጋፉ ተገኘ። ትንሽ ነበር። አዳራሽ አይሠራም፤ መጽሐፍ፣ ምንጣፍና የመምህራን ሥልጠና ግን ገዝቷል። ልጆቹ በየቀኑ ከትምህርት በፊት ያነባሉ፤ ሲመሽም መጽሐፍ ይዘው ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ ማንበብ የማይችል እናት አባት እንኳ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። በየወሩ እያንዳንዱ ልጅ አይቶት የማያውቀው ገጽ ይሰጠዋል፤ ሸምድዶ ማምለጥ ቀርቷል። ውጤቱ፣ ጥሩውም መጥፎውም፣ ሳይሸፈን ለማኅበሩ ይላካል። ባለ ገንዘቦቹ ደግሞ እውነት ለነገራቸው ሰው እንደገና መስጠት አይከብዳቸውም። ሚጣ የዝሆኑን ታሪክ እየተንተባተበች ጨርሳዋለች። መጽሐፉ ሽፋኑ ተገንጥሏል።

አንድ ቀን ጠዋት ግን ትልልቆቹ ክፍሎች ውስጥ የምትማር፣ ቁመቷ ከመምህሯ የሚስተካከል ልጅ የንባቡ ክፍል በር ላይ መጥታ ቆመች። ለመግባት አፍራለች። ኋላ ገብታ ከሕፃናቱ መካከል ትንሿ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ አገጯ ላይ ደረሰ። የዝሆኑን መጽሐፍ አንሥታ በጣቷ እየተከተለች ፊደል መቁጠር ጀመረች። መምህሯ ጥርሷን ነከሰች። ይቺን ልጅ ስንት መምህር አሳልፏታል? ስንት ሰው ሸፍኖላታል?

አጎትየው መስኮቱ ሥር ቆመው ያዩ ነበር። ገብተው መምህሯን ወደ ጥግ ወሰዷት፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

«እንደ እሷ ያሉት ስንት ናቸው?»

«ብዙ ናቸው ጋሼ።»

«ቁጠሪያቸውና ሌላ ማመልከቻ ጻፊ» አሉ። «ስንት እንደሆኑ ሳትቀንሺ ጻፊ።»