ቀይዋን መኪና እንዳትወጃት

ከጎባ ወደ ሮቤ በሚሄደው ታክሲ ከኋላዬ የተቀመጡት አንዲት ነርስና አከራይዋ ሐጂ ናቸው። መኪና ሊገዙ ነው የሚሄዱት።

«ትንሽ ስለሆነች ለከተማ ትመቻለች፣ ሐጂ። ለሪራ መንገድ ደግሞ አራቱም ጎማዋ ይጎትታል።»

«ከፍታዋስ?»

«ድንጋይ አይነካትም ብሎኛል ባለቤቱ በስልክ። አምና ክረምት የተሳፈርኩበት መኪና ጭቃ ውስጥ ቀርቶ ሪራ ጤና ጣቢያ ሥራ የገባሁት በእግሬ ነው። ዛሬ ካልገዛኋት ዘንድሮም ያው ነኝ።»

«እሱ ፊት እንዲህ እንዳትይ። እኔ ፈረስ ስገዛ የወደድኩትን ዞሬ አላየውም፤ አጠገቡ የቆመውን ነው የማደንቀው። አንቺም ቀይዋን ስታያት ፊትሽን ቋጠር አድርጊ።»

«ከዚያስ?»

«እኔ አርጅታለች እላለሁ። ሁለቴ ትተነው እንሄዳለን፣ ሁለቴም ይጠራናል ኢንሻአላህ።»

«ባይጠራንስ?»

«ያኔማ ያለውን ሰጥተን እንወስዳታለን፤ ምን እናደርጋለን?»

ጋቢና የተቀመጠው ሰውዬ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ዞረ።

«ሲስተር፣ ስምንት ሰዓት ላይ ሮቤ መናኸሪያ በር የተቀጣጠርነው እኔና አንቺ ሳንሆን አንቀርም። የቀይዋ መኪና ባለቤት ነኝ።»

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ገና አሁን እንደተገናኙ ሁሉ፣ «አካም ጅርታ፣ ልጄ» አሉት።

«ደህና ነኝ፣ ሐጂ።»

«ወላሂ ጥሩ ሰው ትመስላለህ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፤ እንዲህ ያለች መኪና እያለችህ በታክሲ ምን አስኬደህ?»

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ አልወረድኩም።