ፍሬቻ ያሳየን ሹፌር

ወላሂ፣ እስካሁን ደሜ ይፈላል! የሚስቴ ወንድም በቱርቦ መኪናው ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም ይዞኝ ይሄዳል። ዳገቱ ላይ ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና ያዘግማል። ሹፌሩ መንገዱ ባዶ መሆኑን አየና፣ ጠርዝ ይዞ «እለፉ» ሲል ፍሬቻ አሳየን። የእኛው ጀግና ሊቀድመው ወጣ፤ ነዳጁን እስከ ጥግ ረገጠው። መኪናው ግን አልፈጥንም አለ! ከጭነቱ ጎን ተገትረን ሳለ ሚኒባስ ከኩርባው ብቅ አለ። ይሄኔ የሞተሩን ጉልበት የሚጨምረው ቱርቦ ተነሳና እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ወረወረን። የጭነቱ ሹፌር ፍሬን ይዞ ቦታ ባይለቅልን ኖሮ ዛሬ ለቅሶዬ ላይ ነበራችሁ።

ይሄ ሰውዬ አመስግኖ እንደማለፍ፣ መንገዱን ዘግቶ ወረደና «ልታስጨርሰን ነው?» ብሎ ሹፌሩን ይሰድበዋል!

«እሱ ሲያሳልፍህ መንገዱ ባዶ ነበር!» ብዬ ጮኽኩበት።

«ታዲያ ቱርቦው እስኪነሳ ትንሽ ይቆያል፤ ምን ላድርግ?» አይለኝም!

«ሚኒባሱስ ቆሞ ይጠብቅህ?» አልኩና በሩን ወርውሬበት የጭነት መኪናው ውስጥ ሹፌሩ ጎን ተሳፈርኩ። እሱ እየተነጫነጨ ሳለ በጠርዙ ሾልከን ጥለነው ሄድን።

ብዙም ሳንርቅ ክላክሱን እያንባረቀ ደረሰብን። የተሰደበው ሹፌር፣ ልማዱ ነውና፣ አሁንም ሊያሳልፈው እጁን ወደ ፍሬቻው ሲልክ ክንዱን ያዝኩት።

«ተወው» አልኩት፣ «አሁን ደግሞ እሱ ትንሽ ይቆይ!»