«እኔ ነኝ» ለሚል ሰው በር ስለ መክፈት

ይህ ታሪክ ቃል ሳይጨመርበትና ቃል ሳይቀነስበት ፍጹም እውነት ነው። ውሸት ከተገኘበት የብየዳ ማሽኔ እጄ ላይ ይቃጠል፤ ዳግመኛም ኤሌክትሮድ አልጨብጥ። ማን አየ፣ ማን ሰማ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ መልሴ አጭር ነው፤ እኔ ነኝ።

ከሰበታ እስከ ወሊሶ መንገድ ዳር ከቆሙት የብረት በሮች ሦስት አራተኛውን የሠራሁ ሰው ነኝ። ቡራዩ ውስጥ የሠራሁት አንድ በር ባለቤቱ ቁልፍ ቢጠፋበት ሰባት ቀን ሆቴል አሳድሮታል። ሱሉልታ ያቆምኩትን በር ደግሞ ሯጮቹ ልምምዳቸውን ገታ አድርገው ያዩታል ይባላል። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ስለ በር ወሬ ሲነሣ ማን ሊናገር እንደሚገባው እንድታውቁልኝ ብቻ ነው።

ባለፈው ጥቅምት፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ሳሙና ልገዛ ዲኖ ሱቅ ጎራ አልኩ። ዲኖ አልነበረም። ከባንኮኒው ጀርባ የቆመችው ልጁ ራያ ነበረች። ራያ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ እስክታገኝ የአባቷን ሱቅ የምትጠብቅ፣ ነገር ሁሉ «ለምን?» የሚያሰኛት ልጅ ናት። ከፊቷ ጎረቤቴ እትዬ ተስፋነሽ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ከሆሳዕና በልጅነታቸው የመጡ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከሰማንያ የማያንስ የጸሎት ሴት ናቸው። ያን ቀን ግን ዓይናቸው አብጦ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ቀን በፊት፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ በራቸው ተንኳኳ። ከፈቱ። የገባው ሰው ገፍትሯቸው ስልካቸውንና የግድግዳ ያህል የሚሰፋውን ቴሌቪዥናቸውን ይዞ ወጣ። ገላን መጋዘን ውስጥ የምትሠራው ልጃቸው ሮዳስ ይህን ሰምታ ቁርጡን ተናገረች። እሑድ አይሱዙ ይዛ ትመጣለች፤ ዕቃውን ጭና እሳቸውን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ታወጣቸዋለች። ሠላሳ ዓመት የኖሩበትን ቤት፣ በእጃቸው የተከሉትን የአቮካዶ ዛፍ ጥለው ሊሄዱ አምስት ቀን ቀርቷቸዋል ማለት ነው።

«ሲያንኳኳ ማነው አላሉም?» ትላለች ራያ።

«ብያለሁ እንጂ!»

«ምን አለዎት?»

«እኔ ነኝ አለኛ።»

«እኔ ማን?»

«ወይ ጉድ! እኔ ነኝ ካለ እሱ ነዋ!»

«እሱ ማን?»

እትዬ ተስፋነሽ ትንሽ አሰቡና «ሌባው» አሉ። እኔ ሳሙናዬን እንደያዝኩ ሳቅ አመለጠኝ። በኋላ ግን ሳቄን ዋጥኩት። እስኪ እውነቱን እንነጋገር፤ እኛ የሰው በር አንኳኩተን ማነው ስንባል ስማችንን ተናግረን እናውቃለን? ሁላችንም «እኔ ነኝ» ነው መልሳችን። ከውስጥ ያለውም ሰው አጥጋቢ ማስረጃ እንደ ቀረበለት ዳኛ ተነሥቶ መቀርቀሪያውን ይስባል።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ እትዬ። «እኔ ባደግሁበት አገር በር የመታን ሰው ስምህ ማነው ብሎ መመርመር ነውር ነው። በምሽት የሚመጣ ሰው ችግር ያመጣው ነው። ምጥ የያዛት ትኖራለች፤ የታመመ ይኖራል። ከውጭ አቁሜ ጥያቄ ሳበዛበት ቢሞትስ? ጌታ ምን ይለኛል?»

«እትዬ፣ በሩን ሳይከፍቱስ ሊረዱት አይችሉም?»

«በተዘጋ በር እንዴት ይረዳል?»

«ሐኪም ቤት ሊወስዱት በጀርባዎ ያዝሉታል እንዴ?»

«ሰማንያ ዓመቴ ነው አንቺ!»

«እንግዲያው ሰው መጥራትዎ አይቀርም። ሰው የሚጠራው በስልክ ነው። ስልክ ደግሞ በር ተዘግቶም ይደወላል።»

በዚህም እትዬ አልተሸነፉም። ነጠላቸውን አስተካክለው ሌላ አመጡ።

«እኔ እኮ የሰው ድምፅ አልስትም። አርባ ዓመት በመዘምራን ውስጥ የቆምኩ ነኝ! ያን ዕለት ደክሞኝ ነው እንጂ በ‹እኔ ነኝ› ብቻ ማን እንደሆነ እለያለሁ።»

«ይለያሉ?» የራያ ዓይን በራ። «እንሞክራ!»

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ በኋላ የሆነውን ሰበታ ለዘላለም አትረሳውም። ራያ እትዬን ከሱቁ ጀርባ ያለው ዕቃ ቤት ውስጥ ካርቶን ላይ አስቀምጣ በሩን ዘጋች። እኔ መንገድ ላይ ወጥቼ አላፊ አግዳሚውን ለመንኩ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ አርባ ሰው ተሰለፈ። ከፋብሪካ የሚወጡት፣ ባጃጅ ነጂዎቹ፣ ሁሉም ምን እንደሆነ ለማወቅ ጓጉቶ ተራውን ይጠብቃል።

የመጀመሪያው አንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«የዕድራችን ጸሐፊ!» አሉ እትዬ ከውስጥ በኩራት።

ባጃጅ ነጂ ነበር።

ሁለተኛው አንኳኳ። «እኔ ነኝ።»

«አይ፣ ይሄማ ዲኖ ነው። አካም ዲኖ!»

ከዲኖ ጋር የሚያገናኘው አንድም ነገር የሌለው ግንበኛ ነበር። ሦስተኛው እንቁላል ሻጭ ነው። ገና «እኔ ነኝ» ከማለቱ እትዬ እልል አሉ፤ «ሮዳስ! ልጄ! መጣሽልኝ?» ሕዝቡ ሆዱን ይዞ መሬት ወደቀ።

ራያ በሩን ከፍታ እንቁላል ሻጩን ስታሳያቸው እትዬ አላፈሩም፤ ይልቁንም የማወቅ ጉጉታቸው ተቀሰቀሰ። «ድገሙልኝ እስኪ!» አሉ። ከአርባው አንዱንም አላገኙም። በመጨረሻ ካርቶኑን ገፍተው ተነሡና «አሁን ደግሞ አንቺ ግቢ፤ እኔ ላንኳኳ» አሏት ራያን።

ራያ ገባች። እትዬ አንኳኩ።

«ማነው?» አለች ራያ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ።

ሰው ሁሉ በሳቅ ሲፈነዳ እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «አወይ!» አሉ ቀስ ብለው። «እኔም ነኝ ለካ።»

ትምህርት ማለት ይህ ነው! መጽሐፍ አልተገለጠም፣ ጣት አልተቀሰረም። ሰው የራሱን ልማድ ከገዛ አፉ የመስማቱን ያህል የሚያስተምር ነገር የለም።

ሕዝቡ ተበትኖ እንደ ገና ስንቀመጥ የእትዬ አነጋገር ሌላ ሆኗል። አሁን የሚጠይቁት ለመርታት አይደለም።

«እሺ፣ ስሙን ነገረኝ እንበል። ሌባም እኮ ስም አለው። ውሸቱንም ይጠራል።»

«ልክ ነዎት። ስለዚህ ስሙ ብቻ አይበቃም፤ የማን ቤት፣ ማን ላከህ ይሉታል። ከዚያ እሱ በሰጠዎት ቁጥር ሳይሆን እርስዎ በሚያውቁት ቁጥር ደውለው ያረጋግጣሉ። ልጅዎ አደጋ ደርሶባታል፣ ቶሎ ይውጡ ቢልዎትም መጀመሪያ ለራሷ ለሮዳስ ይደውሉ። የሚያጣድፍ ሰው ሲመጣ እርስዎ ይዘግዩ።»

«ነገሩ እስኪጣራ ከበሩ ሥር ልቁም?»

«የለም፣ ከበሩ ራቅ ብለው በመስኮቱ በኩል ይናገሩ። የውጩን መብራት የሚያበሩበት ማብሪያም ከውስጥ ይሁን፤ እሱ እርስዎን ሳያይ እርስዎ እሱን ያዩታል።»

«ብቻሽን ነሽ ወይ ቢለኝስ? እኔ መዋሸት አልወድም።»

«አይዋሹ። አይመልሱለትም፤ ብቻዎን መሆንዎን ለማያውቁት ሰው የመንገር ግዴታ የለብዎትም። ‹ጉዳይህን ተናገር› ይበሉት። ካልሄደ ለእኛ ይደውሉ፤ ከዚያ ለፖሊስ። የኛ ቤት፣ የእኚህ የጋሼ ቤት፣ የጎረቤትዎ የኦቦ ዲሪርሳ ቤት፣ በየትኛውም ሰዓት ቢደወል ማንም ቅር አይለውም።»

«ንፉግ የሚሉኝ ግን አይጠፉም» አሉ እትዬ በሐዘን። ያሳሰባቸው ትልቁ ነገር ይህ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ራያ እጃቸውን ያዘች። «እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔ የእርስዎን በር ሳንኳኳ ሳልጠየቅ ‹ራያ ነኝ፣ የዲኖ ልጅ› እላለሁ። አባቴም ይላል፤ ጋሼም ይላሉ። ብቻውን የሚኖር ሰው እንዲጠይቅ ማስገደድ የኛ ስንፍና ነው። ደኅና ሰው ስሙን ለመናገር ምን ይከብደዋል?»

እኔም በበኩሌ በዚያው ቀን ሦስት ጣት የሚወፍር መቀርቀሪያና የመርከብ መልሕቅ የሚይዝ ሰንሰለት በራቸው ላይ በየድኩ፤ በዓይን ትይዩም ከውስጥ የምትከፈት ትንሽ ማያ አበጀሁ። ራያ የድሮ ስልኳን ሰጠቻቸውና ቁጥሮቻችንን ሞላችላቸው።

ሐሙስ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት። የእትዬ በር ተደበደበ። አልተንኳኳም፤ ተደበደበ።

«ማነው?» ሲሉ በአጥሩ በኩል ሰማሁ።

«እኔ ነኝ! ክፈቱልኝ!»

«እኔ የሚባል ሰው አላውቅም። ስምህን ተናገር።»

«ሕዝቅያስ ነኝ! ኦቦ ዲሪርሳ ግቢ የተከራየሁት! ሚስቴ ምጥ ይዟታል፤ ስልኬ ተዘግቷል፤ እባካችሁ!»

እንግዲህ አስቡት! ማክሰኞ ዕለት የፈሩት ነገር ሐሙስ በራቸው ላይ ቆመ። ሕዝቅያስ ከመጣ ገና ወሩ ነው፤ ፊቱን እንኳ አያውቁትም። የውጩን መብራት አበሩ። በማያዋ ሲያዩት ባዶ እግሩን የቆመ አንድ ወጣት ነው። እጃቸው ወደ መቀርቀሪያው ሄደ። እዚያው ቆመ። ተመለሰ።

«ልጄ፣ አልከፍትም፤ ግን አልተውህም። እዚያው መብራቱ ሥር ቁም» አሉትና ደወሉ። «አካም ኦቦ ዲሪርሳ? ሕዝቅያስ የሚባል ተከራይ አለዎት?»

«ኤዬ! አለኝ! ሚስቱ ትንሳኤ እየጮኸች ነው፤ እሱ መኪና ፍለጋ ወጥቶ ጠፋ!»

ወዲያው ለራያ ደወሉ። ዲኖ የሱቁን ዕቃ የሚያመላልስባትን መኪና አስነሣ። እኔ ደግሞ አርባ ኪሎ ብረት በትከሻዬ ይዤ አጥሩን በአንድ ዝላይ ተሻገርኩ። ኦቦ ዲሪርሳ በአካል መጥተው «እሱ ነው» ሲሉ በሩ ተከፈተ፤ እትዬም ነጠላቸውን አጣፍተው ከትንሳኤ ጋር ጤና ጣቢያ ሄዱ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስድስት ኪሎ የሚመዝን ወንድ ልጅ ተወለደ።

ጠዋት ሕዝቅያስ መጥቶ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። «ከውጭ ስላቆምኩህ አልተቀየምከኝም?» አሉት።

«እማማ፣ ስሜን ሲጠይቁኝ እኮ ነው ልቤ የተረጋጋው» አላቸው። «ሁለት ቤት አንኳኩቼ ነበር። ፈርተው መብራታቸውን አጠፉ እንጂ ማንም አላናገረኝም።»

እሑድ ሮዳስ አይሱዙዋን ይዛ መጣች። መቀርቀሪያውን አየች፣ መብራቱን አበራች አጠፋች፣ የሐሙሱንም ነገር ሰማች። ከዚያ «ማክሰኞ ማክሰኞ እየደወልኩ እፈትንሻለሁ» ብላ በአይሱዙው አቮካዶ ብቻ ጭና ተመለሰች።

የለውጥ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ቤታቸውን አላጡም፤ ችግረኛም ከደጃቸው አልተመለሰም። በኛ ሠፈር ዛሬ በር የሚያንኳኳ ሰው ሁሉ ስሙን ያስቀድማል። ጎረቤት በዚህ ሰበብ የማያውቀውን የጎረቤቱን ስም ዐወቀ። መጠየቅ መንፈግ አለመሆኑም ታየ፤ ጠይቆ የሚረዳ ሰው መብራት አጥፍቶ ከሚደበቅ ሰው ይልቅ ቸር ነው።

ይህን ጽፌ እንደ ጨረስኩ ለምስክርነት ይሆኑኛል ብዬ እትዬ ተስፋነሽ ቤት ሄጄ አነበብኩላቸው። መጋረጃ እየሰፉ አንድ ጊዜም ሳያቋርጡኝ አዳመጡ። ስጨርስ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ።

«ደስ ይላል» አሉ። «ራያ ያለችውን አንዱንም አላዛነፍክም። ብቻ እኔ ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው።»

«እሱን አስተካክላለሁ።»

«ልጅም የለኝም።»

እስክሪብቶዬን ከኪሴ አወጣሁ፤ መልሼም ከተትኩት።

«ሮዳስ ያንተ ልጅ ናት» አሉ በለሆሳስ፣ መርፌውን መጋረጃው ላይ እየሰኩ። «አቮካዶውም የበቀለው አንተ ግቢ ነው። ሌባውም የገባው አንተ ቤት ነው። የአገሩን በር ስትሠራ ያንተ በር መቀርቀሪያ አልነበረውም። ዕቃ ቤት የገባኸውም አንተ ነህ፤ የተሰለፉትም አራት ሰዎች ነበሩ፤ እንቁላል ሻጩን ሮዳስ ያልከውም አንተ ነህ። ሰውየው ጢም አለው።»

«ለአንባቢው እንዲጥም ብዬ እኮ…»

«ሕዝቅያስም የደበደበው ያንተን በር ነው። ሳትከፍት፣ ሳትተወው፣ ለዲሪርሳ ደወልክ፣ ለኔ ደወልክ። የጻፍከው ሁሉ ግነት ሆኖ እውነት የሆነችውን አንዷን ጉብዝናህን ለኔ ሰጠኸኝ። ለምን?»

ወረቀቱን አጣጠፍኩት፤ ደግሞ ዘረጋሁት። «ስደውል እጄ ይንቀጠቀጥ ነበራ» አልኩ።

«እሱንም ጻፈው። ስምህንም አላየሁበት።»

«መጀመሪያው ላይ አለ። ማን አየ ብትሉ እኔ ነኝ ብያለሁ።»

እትዬ መጋረጃቸውን አንሥተው ቀና ብለው አዩኝ። «አንባቢውም እኮ» አሉ፣ «እኔ ማን? ይልሃል።»

ተረፈ ነኝ፣ የሰበታው በር በያጅ።