ሦስተኛው ገበያ

ወሎ፣ በአንዲት የገበያ ከተማ። የእስልምና ሕግን ታሪክ የምታጠናው ዶክተር ጦይባ፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ በድሮው የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጸሐፊ በአያ እብሬ በረንዳ ላይ ተቀምጣለች፤ ከአርባ ዓመት በፊት የተጻፈ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ጭኗ ላይ ተገልጧል።

ጦይባ፦ መዝገቡን አይደለም የጠየቅኩት አያ እብሬ፣ አንቱን ነው። የዚያ የጠፋው ሰው፣ የአራጋው ይመር ስም ገበያ ላይ ስንቴ ተጠራ?

እብሬ፦ «ሦስት» ይላል። የጻፍኩትም እኔው፣ የጠራሁትም እኔው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

ጦይባ፦ ሐሰትም አብሮ ይወረሳላ።

እብሬ፦ አንቺ ልጅ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የቃዲዎችን ፍርድ ስትመረምሪ ኖረሽ፣ መጨረሻው እኔን መመርመር ሆነ?

ጦይባ፦ የጠፋ ባል ስሙ ሦስት ገበያ ሳይጠራ ሞተ አይባልም፣ ሚስቱም ለሌላ አትዳርም። የዚህ ፍርድ ቤት ደንብ ነው። እኔም «እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የትም አላየሁ» ብዬ አንድ ምዕራፍ ሙሉ አወድሻችኋለሁ። መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ገብቷል።

እብሬ፦ ታዲያ ይታተማ። ማን ይጠይቅሻል?

ጦይባ፦ አላህ።

እብሬ፦ ሁለት ነው የተጠራው።

ጦይባ፦ ሦስተኛውስ?

እብሬ፦ ድምፄ ተዘግቶ ነበር። አሰብ ወርዶ ሰባት ዓመት የቀረ ሰው፣ በሁለቱ ገበያ ያልመጣ በሦስተኛው ሊመጣ ነው? ብዬ «ሦስት» ብዬ ጻፍኩ። ቃዲው አመነኝ፤ ማኅተሙን መታ።

ጦይባ፦ ለጉንፋን ታዲያ ይህን ያህል ዘመን ምን ያስደብቅዎታል?

እብሬ፦ መጣ።

ጦይባ፦ ማን?

እብሬ፦ አራጋው። በዚያው በሦስተኛው ገበያ፣ ሰዉ ሲበተን። ከስቶ፣ ጢሙ ደረቱን ሞልቶት። ባዶ እጁን ስለመጣ ቤቱ መግባት አፍሮ፣ ስሙ እንደሚጠራ ሰምቶ፣ አቤት ሊል ከብት ተራ ቆሞ ውሏል። «ዛሬ የጠፋ ሰው አልተጠራም?» አለኝ። «አልተጠራም» አልኩት። «እንግዲያ የሚፈልገኝ የለም» አለ። ያኔ አወቅኩት።

ጦይባ፦ አልመለሱትም?

እብሬ፦ ማኅተሙ ተመትቷል፤ ውሸቴም አብሮ። ስሙን ሳልጠራ አሳለፍኩት። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። እኔ ግን አዛን ባለቀ ቁጥር የእግሩን ኮቴ እሰማለሁ፤ ሲሄድ።

ጦይባ፦ ይኸው፣ መዝገቡ ጠርዝ ላይ «ሁለት» ብዬ አርሜዋለሁ። እዚህ ይፈርሙልኝ።

እብሬ፦ ምዕራፍሽ ይፈርሳል።

ጦይባ፦ ይፍረስ።

እብሬ፦ እኔም ልዋረድ፣ ግዴለም። ሚስቱ ዘሐራ ግን አለች፤ ከሁለተኛው ባሏ ወልዳ፣ የልጅ ልጅ አይታ። እሷን እንኳ ተዪያት። እሷ የምታውቀው ነገር የለም።

ጦይባ፦ የላከችኝ እሷ ናት አያ እብሬ፤ መዝገቡ «ሦስት» እንደሚል ስነግራት «እኔ የሰማሁት ሁለት ነው» አለችኝ። ያን ዕለት ጨው ተራ ቆማ ጥሪዎን ስትጠብቅ ነው የዋለች። ስሙን ሳይጠሩ ሲቀሩ ጊዜ «መሞቱ ተረጋግጦ ነው» ብላ፣ ከዚያው ከገበያው እያለቀሰች ቤቷ ገባች።