ካሮት የማይስማማው ዘመድ

ሽማግሌው አትክልተኛ በዓመት የሚናገሩትን ያን ዕለት በአንድ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጨረሱት። በርጩማው የጎሚስታው ደጅ ላይ ነበር። ሁለት እርምጃ አለፍ ብሎ የእህታቸው ልጅ፣ ባትሪ ሠሪው፣ መኪና ሥር በጀርባው ተኝቷል። ከእሱ ጋራዥ ጓሮ የሚወጣው ቦይ የባትሪ እጣቢ ይዞ ቀጥ ብሎ ወደ ሽማግሌው አትክልት ይወርዳል። እሳቸው ጎሚስታውን ማናገር ሲጀምሩ የመፍቻው ድምፅ ቆመ።

«እንዴት ዋልክ ልጄ? ጎማው ሥራ አለው?... እኔማ ደህና ነኝ። ካሮቴን ነቅዬ መጨረሴ ነው። አዎ፣ ሁሉንም። የግብርናዋ ልጅ የአትክልቴን ምርመራ ወረቀት አነበበችልኝ። ካሮቱም ቀይ ሥሩም እርሳስ ጠጥቷል አለች፤ በቦዩ ውሃ የመጣ። ተክሉ ራሱ ችሎ ይዞታል፣ ቅጠሉም አያሳብቅም፣ ጉዳቱ ለሚበላው ነው አለች። እኔ ደግሞ ያ ሁሉ ቅጠል ሲንዠረገግ እጄ ለተክል የተባረከ መስሎኝ... ስድስት ዓመት ሙሉ መርዝ ኮትኩቼ ስኮራ ኖርኩልህ። ያልተማረ ሰው ምን ያውቃል?

የሚያውቅስ አለ። አንድ ዘመድ አለኝ፣ ጥንቃቄው ለጉድ ነው። በየሳምንቱ ካሮት ስወስድለት ‹ጋሼ፣ ለሆዴ አይስማማኝም› ይለኛል። አንድ ቀን እንኳ አልቀመሰም። ለልጆቹም ከገበያ ነው የሚገዛው። እኔ ጅሉ ሆዱን አመመው ብዬ አዝኜ፣ በሳምንቱ ለጋ ለጋውን መርጬ ተሸክሜ እሄዳለሁ። የኔን ዓይነት ሞኝ አይተህ ታውቃለህ?

ባለቤቴ ጥርሷ ካለቀ ወዲህ የምትኖረው በካሮት ሾርባ ነው። እጇ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ያው ዘመዴ ሊጠይቃት መጣ። ሾርባውን አየት አድርጎ፣ ‹ሞቅ እንዳለ ይጠጡት እንጂ› አላት። ጨዋ ነው፤ የሰው ማዕድ አይነቅፍም... እኔም በማንኪያ አጎረስኳት። በራሴ እጅ፣ በዚሁ በተባረከው። ነገ ደሟን ልትመረመር ነው። ሐኪሙ ምን እንደሚል እንጃ።

አይ፣ አልተቀየምኩም። ማንን እቀየማለሁ? የዘራሁት እኔ፣ ያጠጣሁት እኔ፣ ያጎረስኩት እኔ። እሱ ምን አደረገ?... ዝም ነው ያለው።»

ሽማግሌው ሱሪያቸውን አራግፈው ተነሡ። ድምፃቸውን ግን ትንሽም ከፍ አላደረጉም።

«ለዚያ ዘመዴ ዕድሜ ይስጥልኝ። ጥርሱ አልቆ ሾርባ እስኪያጎርሱት ድረስ ያቆይልኝ። የሚያጎርሱት ልጆቹም፣ አንድ ሳይቀሩ፣ እሱን ይምሰሉለት።»